የወይራዋ ቅጠል

ይርዳው የኔታ ዘንድ የመጣው ሚስቱን እንቢ የሚልበት ቃል ፍለጋ ነበር። ሚስቱ የሟች እህቷን ልጅ፣ የአራት ዓመት ሕፃን፣ ወደ ቤት ካላመጣሁ ብላለች። «የኔታ፣ ያልወለዱት ልጅ ልጅ ይሆናል?» ሲል ጠየቃቸው። የኔታም «ተቀመጥ» አሉና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ባለጸጋ ነው፤ ከሀብቱ ሁሉ የሚሳሳላት ግን ከፈረንሳይ አገር የመጣች አንዲት አሮጌ ሣጥን ነበረች። ክዳኗ ላይ አበባ አለ። በቀለም የተሣለ እንዳይመስልህ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ መልኩ የተለያየ እንጨት እየተቆረጠ፣ አንዱ ካንዱ ጎን እየተገጠመ የተሠራ ነው። ሟች ሚስቱ ማበጠሪያዋን የምታኖረው እዚያ ውስጥ ነበርና ሣጥኗን ሲያያት ሆዱ ይባባል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአበባው አንዲት ቅጠል ረግፋ ጠፋች። አናጢዎች እንሥራልህ ቢሉት «ከዚያው ከፈረንሳይ እንጨት ካልሆነ አይሆንም፤ ባዕድ እንጨት አይነካትም» አለ። መቼም የሀብታም ግትር አያድርስ ነው። ሣጥኗን በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት። ክረምቱ አልፎ ጨርቁን ሲፈታ፣ እርጥበት በክፍቱ ቦታ ገብቶ አጠገብ ያሉትን ቅጠሎችም አላቅቋቸዋል። አበባው ሊበተን ነው። ሚስቱ ዳግመኛ የምትሞትበት መሰለውና ሣጥኗን አቅፎ ወደ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሮጠ።

ሽማግሌው ክዳኗን አገላብጠው አዩ። «ጌታው፣ እስቲ ከእነዚህ የፈረንሳዩን ያሳዩኝ» አሉት። «ጥቁሩ ዞጲ ነው፣ የቆላ ዛፍ። ቀዩም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ቢጫው ደግሞ ሎሚ ነው። የአንድ ዛፍ ልጆች አይደሉም፤ የተዛመዱት እዚሁ ክዳኑ ላይ ነው።»

ሰውየው «እንግዲያው ይሥሩልኝ» አለ። ሽማግሌው ከወይራ ቁራጭ ቅጠል አወጡ፣ ሞረዱም። ቀጥለው ሞረዱን ወደ ሣጥኗ ሲያዞሩ ግን ሰውየው ደንግጦ በእጁ ከለላት። «ደግሞ እሷን ለምን ይነኩብኛል?»

«እንጨቷ ብቻዋን ተሞርዳ አትገጥምም። የሚቀበላትም ቦታ ትንሽ መሞረድ አለበት።»

ሰውየው ቀስ ብሎ እጁን አነሣ።

የወይራዋ ቅጠል ዛሬም ከሌሎቹ ትለያለች። ሣጥኗን በከፈተ ቁጥር ግን አውራ ጣቱ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

የኔታ ወደ ይርዳው ዞሩ። «አየህ ልጄ፣ ሣጥኗ ቤትህ ናት፤ የወይራዋ ቅጠል ደግሞ ያቺ ሕፃን። ደሜ አይደለችም ትላለህ፤ ሚስትህስ ደምህ ነበረች? ሐዘን ቤትህን ከፍቶታል። ክፍቱን ጠቅልለህ ብታስቀምጠው ሚስትህም ካጠገብህ ትላቀቃለች። ሕፃኗ እንደሆነች እናቷን አጥታ ከበቂ በላይ ተሞርዳለች። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔታ?»

«ሂድና አምጣት። ማዕድ ስትቀርቡም ትንሽ ጠጋ በልላት።»