ግራም ቀኝም ያው ነው ያለው እንግዳ

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ ቀን፣ የሠፈራችንን ትምህርት ቤት ሊያይ አቶ ሽታሁን የሚባል ሱፐርቫይዘር መጣ። የማያውቀው ነገር የለም። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ለዘበኛው የበር አከፋፈት አስተማረው። እኔ የወላጅ ኮሚቴ ነኝና ምሳውን ይዤ ቀድሜ ደርሼ ነበር።

የኬሚስትሪው መምህር ጥላዬ ስንት ደጅ ጠንቶ ያመጣው አንድ መነጽር አለ። ቪአር ይሉታል። ዓይን ላይ ሲያስሩት፣ ሰሌዳ ላይ ተጋድሞ የነበረው ሥዕል ተነስቶ አየር ላይ ይቆማል፤ ልጆቹ እየዞሩ፣ እያገላበጡ ያዩታል። ያን ቀን የሚያሳያቸው በፊደልና በመስመር የተሳሉ ሁለት የሞለኪውል ሥዕሎች ነበሩ። ሰሌዳው ላይ መንታ ይመስላሉ። በመነጽሩ ሲያገላብጧቸው ግን እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ ቢያዞሯቸው ቢያዞሯቸው አንዱ በአንዱ ላይ ልክ አይገጥምም።

«ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» አለ አቶ ሽታሁን፣ በጣቱ እንኳ ሳይነካው።

«አንዴ አጥልቀው ይዩት፣ ጌታዬ» አለ ጥላዬ።

«ምኑን ነው የማየው? ፊደሉ ያው፣ መስመሩ ያው። ግራ ሆነ ቀኝ ሆነ ምን ለውጥ አለው? መነጽሩን በካርቶን አድርግልኝ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ። አንተ በጠመኔህ አስተምር።»

የጥላዬ ፊት አመድ መሰለ።

ምሳ ቀረበ። ዳይሬክተሩም መምህራኑም እኛም ትሪውን ከበብን። ጥላዬ እጁን ታጥቦ ጥብሱን በእንጀራ ጠቀለለና ከሁሉ ቀድሞ ለእንግዳው ዘረጋ። በግራ እጁ።

እኔ አፌን ያዝኩ። አቶ ሽታሁን ወደ ኋላው ሸሸ።

«በግራህ ነው እንዴ የምታጎርሰኝ?»

«ምን ለውጥ አለው ጌታዬ? ጣቱ ያው፣ መዳፉ ያው። ደግሞ ታጥቤዋለሁ። ይጉረሱ እንጂ።»

እጁን አላወረደም። ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር፣ ከግራ መጉረስም ነውር። ሰውዬው ዳይሬክተሩን አየ፤ ዳይሬክተሩ ጥብሱን አየ።

«እሺ፣ በቀኝህ አድርገው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልዩነቱ ታየዎት ማለት ነው?»

«ታየኝ።»

«እርስዎስ ያለ መነጽር ታየዎት። ልጆቹ ግን ያለሱ አይታያቸውም።»

«በቃ፣ መነጽሩ እዚሁ ይሁንላቸው» አለና ከቀኙ ጎረሰ።

ሁለተኛውን ጉርሻ እኔ ሰጠሁት። አፉን ከመክፈቱ በፊት እጄን አየ።