የአስካለች ጊዮዛ

ተረቴን ልጀምር፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ድልነሳው የሚባል ሽማግሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖር ነበር። ሚስቱ አስካለች ከታመመች አሥር ቀኗ ነው፤ ከሾርባ በቀር አልቀመሰችም፣ ድምፅዋም አይሰማም። በቅበላ ዕለት ግን፣ «ያ የጃፓን ምግብ አማረኝ» አለች በሹክሹክታ። ጊዮዛ ነው፤ በስስ ሊጥ የተጠቀለለ፣ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ የዶሮ ሥጋ። ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ ዛሬ ካልበላችው ሃምሳ አምስት ቀን መጠበቅ ነው።

ድልነሳው ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ጊዮዛው፣ «መጥበሻው በእንፋሎት ካላፈነኝ ከበረዶዬ አልወጣም» አለ። መጥበሻው፣ «ክዳኔ ካልመጣ አላፍንም» አለ። ሰሃን ቢደፋበት ጠበበ።

ክዳኑ ጎረቤቱ እናኑ ቤት ሄዷል፤ በቅበላ ክዳን ከቤቱ አይውልም።

«እናኑ፣ ክዳኔን!»

«ውይ ጋሽዬ፣ ዶሮው እኮ አልበሰለም!»

ክዳኑም፣ «ዶሮው ካልበሰለ ከድስቱ አልነሳም» አለ። ክዳኑ አልነሳም አለ፣ መጥበሻው አላፍንም አለ፣ ጊዮዛው አልወጣም አለ፣ አስካለችም ጦሟን ዋለች።

ዶሮውን ቢለምነው፣ «ምድጃው ካልጋለ አልበስልም» አለ። ምድጃውን ቢቆጣው፣ «መብራቱ ካልበረታ አልግልም» አለ። መብራቱም፣ «ዘጠኝ ምድጃ ተሰክቶብኝ ምን ጉልበት ይቀረኛል? አንዱ ካልጠፋ አልበረታም» አለ። መብራቱ አልበረታም አለ፣ ምድጃው አልግልም አለ፣ ዶሮው አልበስልም አለ፣ ክዳኑ አልነሳም አለ፣ መጥበሻው አላፍንም አለ፣ ጊዮዛው አልወጣም አለ፣ አስካለችም ጦሟን ዋለች።

ድልነሳው ስድሳ አራት ደረጃ ቆጥሮ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ሻምበል ገረመው ለብቻው ጥብስ ያሞቃል።

«ሻምበል፣ እባክህ ምድጃህን አጥፋ።»

«አላጠፋም! በቅበላ ብቻዬን አልበላም። አብሮኝ የሚበላ ሰው እስኪመጣ ይሙቅ።»

ሻምበል አላጠፋም አለ፣ መብራቱ አልበረታም አለ፣ ምድጃው አልግልም አለ፣ ዶሮው አልበስልም አለ፣ ክዳኑ አልነሳም አለ፣ መጥበሻው አላፍንም አለ፣ ጊዮዛው አልወጣም አለ፣ አስካለችም ጦሟን ዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታሞቀው?»

«ከጠዋት።»

«ታዲያ እኔ ሰው አይደለሁም?» አለና ድልነሳው እጁን ታጠበ። ሁለቴ ጎረሰ፤ ሦስተኛውን ሻምበል ራሱ አጎረሰው።

ያን ጊዜ ሻምበል ምድጃውን አጠፋ፣ መብራቱ በረታ፣ የእናኑ ምድጃ ጋለ፣ ዶሮው በሰለ፣ ክዳኑ ተነሳ፣ መጥበሻው በእንፋሎት አፈነ፣ ጊዮዛው ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ አስካለችም በላች።

ድልነሳው አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ «አምስት... ስድስት... ሰባት» ይላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ጉሮሮዬ ድረስ ገብተህ ትቆጥርብኛለህ?» ብላ ጮኸችበት፤ እናኑ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ስደቢኝ፣ የኔ እመቤት፣ ስደቢኝ!» እያለ ስምንተኛውን አቀረበላት።

ተረቴ በቃ፤ የሰማ ሁሉ እንዲሁ ይጥገብ።