የሚዳቋ ጆሮ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር "ነብር ይሆን? አዳኝ ይሆን?" እያለች ስታስብ ሣሩ አፏ ውስጥ ይደርቃል። እሷ አጥንቷ እስኪቆጠር ስትከሳ፣ ጎረቤቷ ከርከሮ ግን ሥር እየቆፈረ ሲበላ ይውላል።

"አያ ከርከሮ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚዋጥልህ?" አለችው።

"እኔማ ምን አውቄ! እመት ሚዳቋ፣ አንቺን ያከሳሽ ጆሮሽ ነው። ጭቃ ጠቅጥቂበትና ብዪ።"

እውነቱን ነው ብላ ሁለቱንም ጆሮዋን በጭቃ ደፈነች። ዓለም ጸጥ አለ። ሣር እንደዚያን ቀን ጣፍጧት አያውቅም። ጠግባ ቀና ስትል ግን ከርከሮ መቆፈሩን ትቶ በየቁጥቋጦው ላይ ዓይኑን ያንከራትታል። ከአንድ ጆሮዋ ጭቃውን አወጣችና፣

"ምነው፣ ሆድህን አመመህ?" አለችው።

"ኧረ ተይኝ! ነብር ቢመጣ ማን ሊነግረኝ ነው የምበላው?"

"ድሮስ ማን ይነግርህ ነበር?"

ከርከሮ አፈረ። "ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የበላሁት ያንቺን ጆሮ እያየሁ ኖሯል" አላት።

ሚዳቋ የሌላውንም ጆሮዋን ጭቃ አራገፈች። ወዲያው ከወንዙ ማዶ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ጆሮዎቿ ቆሙ። ከርከሮ ትንፋሹን ዋጠ።

ነፋስ ነበር። ጆሮዎቿ ዝቅ ሲሉ ከርከሮም አንገቱን ደፍቶ መቆፈር ጀመረ። እሷም እየሰማች ሣሯን ነጨች፤ ያም ሣር ጣፈጣት።

እኔ ጨረስኩ፤ የተዋሳችሁትን ጆሮ መልሱ።