ደጅ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶ

አቶ ዘርጋው በወጣትነታቸው ፖላንድ ሲማሩ ያዩት አንድ ስለ ሌቦች የተሠራ አስቂኝ ፊልም ከልባቸው አልወጣ ብሎ፣ አዳማ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ትልቁን ክፍል በእሱ አስጌጡት። የፊልሙን ባንክ ዘራፊዎች ፎቶ አሳትመው በወርቃማ ፍሬም አልጋው ራስጌ ሰቀሉ፤ ግድግዳው ላይም የውሸት ካዝና አስገጠሙ። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን የሚያስጎበኙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን እንግዶች ይዘው ሲገቡ፣ ክፍሉን ስታጸዳ የነበረችው ሴት ኪስ አበጥ ብሎ አዩና «አውጪው» አሏት። ለልጇ ጨርቅ ማጠቢያ ብላ የያዘችው፣ እንግዳ ታጥቦ የተወው የሳሙና ቁራጭ ነው።

አቶ ዘርጋው እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እኔ ቤት ሌባ ቦታ የለውም። ነገ ጉርድ ፎቶሽን ይዘሽ ነይ፤ ‹ሌባ› ተብሎ ተጽፎበት ደጅ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ይህን ግቢ እንዳትረግጪ።»

ሴትየዋ ሥራዋ ከእጇ መውጣቱ ገባት። ራስጌ የተሰቀሉትን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሺ ጋሼ፣ ፎቶውን አመጣለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እነዚህ ባንክ ዘርፈው በወርቅ ፍሬም ቤት ውስጥ ተሰቅለዋል፤ እኔ በሳሙና ቁራጭ ደጅ ፀሐይ ላይ ልለጠፍ ነው። ጥፋቴ ትንሽ መውሰዴ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ባንኩ እንደሆነ ከመንገዱ ማዶ ነው።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ዘርጋው ዘራፊዎቹንም እሷንም አየት አድርገው፣ «ሂጂ፣ ሳሙናሽን ይዘሽ ሥራሽን ሥሪ» አሏት።