አራሷ አይጥና ጠያቂዎቿ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ «በግዛቴ ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ!» ብሎ ባወጀበት ዓመት፣ አንዲት አይጥ ስድስት ልጆች ወለደች።

መቼም አገሬው አራስ መጠየቅ ይወዳል። ወሬው እንደተሰማ አያ ጅቦ፣ እመት ቀበሮ፣ ከርከሮው፣ ጃርቱ፣ ኧረ ማን ቀረ! ሁሉም ጉድጓዷ አፍ ላይ ተኮለኮለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ቢመለሱ ምን ነበረበት? አንዱ ሕፃኑን አንሥቶ ያሸታል፤ ሌላው ተቀብሎ ይስማል፤ ጅብማ «ይሄኛው ቁርጥ እኔን!» እያለ ምራቁን ይውጣል። ለአራሷ ጠብታ ውሃ ያመጣላት ግን አልነበረም።

በማግስቱ ልጆቹ የሉም። የት ገቡ? እናታቸው በልታቸዋለች። አዎ፣ ራሷ!

አትፍረዱባት። አይጥ ስትደነግጥ፣ ስትጠማ፣ ልጆቿም የባዕድ ጠረን ሲሸቱባት እንዲህ ያደርጋታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት መውጣት አፍራ ጉድጓዷ ውስጥ ስታለቅስ ከረመች።

ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አረገዘች። አሁን ፍርሃቱ ባሰባት። አንበሳ ችሎት ሄዳ እግሩ ላይ ተደፋች።

«ጌታዬ፣ የሚወለዱትን ልጆቼን ያድኑልኝ።»

«ከማን?»

«ከእኔ።»

ጅብ ዘሎ ተነሣ። «አዋጅ አለ ብለን እኛ ሣር ስናኝክ፣ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ሥጋ ትበላለች? ኧረ ግፍ ነው! ወይ ትቀጣ፣ ወይ ለሁላችንም ይፈቀድልን!»

«ቁጭ በል አንተ!» አለው አንበሳ።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠራርጋ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ እኔ መላ አለኝ። አራሷ ለአንድ አፍታም ብቻዋን አትተው። አያ ጅቦ ደጇን ይጠብቅ። እኔ ደግሞ ሕፃናቱን በቀን አምስት ጊዜ እያወጣሁ አያለሁ። የታመመ ካለም እቤቴ ወስጄ አስታምመዋለሁ።»

ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል። አንበሳ ግን ክራር ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ «መልካም! እንዲሁ ይሁን!» አለ።

ከኋላ የቆመችው አህያ «እኔም አንድ ነገር ልበል?» ብላ ጠየቀች።

«አህያ ደግሞ ምን ታውቅና!» ብለው ሳቁባት። እሷም አንገቷን ደፍታ ከችሎቱ ወጣች።

ቀኑ ደረሰና አይጧ ሰባት ወለደች፤ ቀያይ፣ ዓይናቸው ያልተከፈተ፣ ባቄላ የሚያካክሉ። ጅብ ወዲያው ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ወተፈ። «በላሽ? አልበላሽም?» ትንፋሹ ብቻ ይገድላል! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አሁንስ?» ይላል። ቀበሮዋ መዳፏን እየሰደደች «ወዲህ በይ፣ ወፍራሙን ልየው» ትላለች። ከርከሮና ጃርትም «ጠባቂዎቹን ልንጠብቅ ነው» ብለው መጡ። አይጧ ጭድ ቢኖራት ልጆቿን ትሸፍናቸው ነበር፤ ጭዱን ግን ጅብ አውጥቶ ተኝቶበታል። አሁንም ጠብታ ውሃ ያመጣላት የለም። በመጨረሻ አንዱን ልጇን በጥርሷ ያዘች።

«ኧረ ልትበላው ነው!» ብሎ ጅብ ጮኸ። ያ ሁሉ ጠባቂ ግር ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተንጋጋ።

አይጧ ልጇን ከአፏ ጣለችና «አንሡልኝ! በእግዜር፣ እነዚህን ከላዬ አንሡልኝ!» ብላ አለቀሰች።

ይህን አህያ ሰማች። አህያና ጅብ ምን ያህል እንደሚዋደዱ ታውቃላችሁ። ያን ቀን ግን ፍርሃቷን ረሳችው። መጥታ ዞረችና በኋላ እግሯ አንዴ ብታቀምሰው፣ አያ ጅቦ ተንከባሎ ከርከሮው ላይ ወደቀ። ቀበሮዋ ተራዋን አልጠበቀችም። ሜዳው ጭር ሲል አህያ ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ ደጁ ላይ ተገተረች።

ወዲያው ከሳሾቿ አንበሳን ይዘው መጡ። «የእኔን ዘብ ትረግጫለሽ?» ብሎ አገሳ።

አህያ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። «ጌታዬ፣ ቢፈልጉ ይግደሉኝ። ብቻ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ አራስ አለች።»

አንበሳ ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ምክንያትሽ ምንድን ነው?» ብሎ አንሾካሾከ።

«እመቤቴ አንበሲት ደቦሎቹን ሲወልዱ እርስዎ የት ነበሩ?»

አንበሳ ጋማውን አከከ። «እኔማ... ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ፣ ድርሽ እንዳትል አለችኝ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ስድስት ሳምንት» አለ፣ አሁንም ቅር እያለው።

«ታዲያ አልገቡም?»

«አብደሻል? ጆሮዬን ትነቅለው ነበር!»

«አዩ፣ እሳቸው ጥፍር ስላላቸው ተከበሩ። የዚህች ምስኪን ጥፍር ማንን ያስፈራል? እኛን ማባረር ቢያቅታት ጭንቀቷ በልጆቿ ላይ ዞረ።»

አንበሳ አፈረ። ከዚያም በሹክሹክታ አዲስ አዋጅ አወጀ፤ በሹክሹክታ የታወጀ አዋጅ ያ ብቻ ነው። ጥሬና ውሃ ደጇ ይቀመጥላት፣ ጭዷ ይመለስላት፣ ሁለት ሳምንት ከአህያ በቀር ማንም አጠገቧ እንዳይደርስ፣ ሕፃን የነካ ወዮለት!

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ገንፎ ይዛ ብቅ አለች። «ለአራሷ ነው። ገባ ብዬ በእጄ ላጉርሳት።»

«አስቀምጪና ሂጂ» አለቻት አህያ።

«እንግዲያው ይቅር!» ብላ ቀበሮ ገንፎዋን ይዛ ተመለሰች። መንገድ ላይ ጅብ አገኛትና ከነገበታው ዋጠባት።

አህያ ግን ፊቷን ወደ ሜዳው አድርጋ ቆመች። ዝናብ መታት፤ ዝንብ በላት። ጭራዋን እንኳ የምታወዛውዘው ቀስ አድርጋ ነበር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ከኋላዋ ኮሽ አለ። አይጧ ወጣች፤ ዓይናቸው የበራ፣ ጸጉር ያወጡ ልጆቿም ተከትለዋት ወጡ።

«ሰባቱም አሉ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «ሰባቱም! እኔው ጋ አደሩ፣ እኔው አሳደግኳቸው!»

ጅብ ከሩቅ «አንዷን ብቻ ልቀፍ?» ብሎ ጮኸ።

አህያ አሁንም ፊቷን አላዞረችም።

«እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ? አያምሩም እንዴ?» አለቻት አይጧ።

«እኔ እንጃ፣ አላየኋቸውም እኮ።»

«ይህን ሁሉ ቀን አጠገባቸው ቆመሽ?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ።»

አይጧ ልጆቿን ወደ አህያ እግር አስጠጋቻቸው። ከዚያም «በይ ዙሪ፣ እህቴ» አለቻት። «አንቺ ሳሚያቸው።»

ከዚህ የምንማረው፣ አራስን የሚታደጋት ላይዋ ላይ የሚያፈጥ ዓይን ሳይሆን የሚያስፈልጋትን ደጇ አስቀምጦ ዘወር የሚልላት ወዳጅ መሆኑን ነው።