ቤንዚን የጠጣችው ተንሳፋፊ

አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ነበረ። ሞተሩ ከባለቤቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ አባቱ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ሲከትብበት የኖረ ነው። ሰውየውም ሙሽሪቱን ያመጣው በእሱ ነው። ቀለሙ ለቆ፣ ወንበሩ ተቀዶ እንኳ አልሸጠውም። ይወደው ነበር።

ቆይ፣ አትቸኩል። «ልጃችን ከሞተች ወዲህ ቤታችን ቤት አልሆነም፤ ሚስቴን ወደ ወላጆቿ ልመልሳት ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ስለ ሞተር የማወራህ ጃጅቼ አይደለም። ሽማግሌ አድርገህ የላክኸኝ፣ ደጃቸው ቆሜ ልጅቷን የለመንኩልህ እኔ ነኝ። «ስጡን» ባልኩበት አፌ «እንካችሁ» ማለት ይከብደኛል። እንግዲህ የማውቀውን ልንገርህ፤ አንተም ስማኝ።

ያ ሞተር አንድ ቀን ቤንዚን ማፍሰስ ጀመረ። ከካርቡሬተሩ እየተንጠባጠበ የሰውየውን ጫማ ያበሰብሳል፤ ሲነሣም ጥቁር ጭስ ይተፋና ታፍኖ ይጠፋል። ካርቡሬተር ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ዕቃ ነው። በውስጡ ሲኒ የምታህል ማጠራቀሚያ አለች፤ በማጠራቀሚያዋ ውስጥ ደግሞ ከናስ የተሠራች፣ ሆዷ ባዶ የሆነ ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊዋ ከፍ ትልና በቀጭን ምላሷ መግቢያውን ትዘጋዋለች፤ ሲጎድል ዝቅ ብላ ትከፍተዋለች። ምላሷን የፀጉር ያህል ካጎበጥካት የቤንዚኑ ልክ ይለወጣል። ሰውየው ይህን ያውቃል። የጎዳውም ማወቁ ነው።

ካርቡሬተሩን ፈታ፤ ገልብጦ ለካ፤ ምላሷን በፒንሳ ትንሽ አጎበጣት። ማፍሰሱ ቆመና ደስ አለው። በሦስተኛው ቀን እንደገና አፈሰሰ። ፈትቶ አጎበጣት፤ ሁለት ቀን ደህና ሰነበተ፤ ከዚያ አፈሰሰ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ምላሷ ከመታጠፍ ብዛት ልትሰበር ደረሰች፤ የእሱም ትዕግሥት አለቀ። «ምን ያላደረግሁት አለ? ይህ ሞተር ጠልቶኛል» አለ። አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ቁራሌው በሰፈሩ ሲያልፍ ጠራውና በማግሥቱ መጥቶ እንዲወስድለት ተስማሙ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ አዛውንት መካኒክ በዚያ ሲያልፍ ሞተሩን ከአጥሩ በር ላይ አየው።

«ይህን ደግሞ ምን አግኝቶት ነው?» አለ።

ሰውየው ያደረገውን ሁሉ ዘረዘረለት። መካኒኩ መለኪያም ፒንሳም አልጠየቀም። ተንሳፋፊዋን አወጣ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፤ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቀስ አድርጎ ነቀነቃት። ከዚያም ወደ ሰውየው ጆሮ አስጠጋለት። ከውስጧ ቤንዚን ሲንቦጫረቅ ይሰማ ነበር።

«ከብዷት ነው» አለ መካኒኩ። «ዓይን በማያያት ቀዳዳ ገብቶባት፣ እሱን ተሸክማ ነው የምትሰጥመው። ምላሷን ብታጣምምባት እንዴት አድርጋ ትንሳፈፍ?»

ሰውየው አፈረ። ማፈሩ ደግ ነበር፤ ግን ወዲያው ቸኮለ። «እንግዲያው አሁኑኑ በቀለጠ እርሳስ እንድፈናት» አለ።

መካኒኩ ሳቀበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሆዷ ቤንዚን ይዞ እሳት ላስጠጋት? ፊታችንን ነው የምትገሸልጠው።»

ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክራት ከጎኗ አረፋ ወጣ፤ ቀዳዳዋ በዚያ ታወቀች። ቀዳዳዋን ወደ ታች አድርጎ በክር ፀሐይ ላይ ሰቀላትና ሰውየው በየጠዋቱ በጆሮው እንዲያዳምጣት አዘዘው። ቁራሌው መጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰውየው በየጠዋቱ አዳመጠ። በአምስተኛው ቀን ምንም ድምፅ አልነበረም። መካኒኩ ያን ጊዜ ነጥብ በምታህል እርሳስ ደፈናት፤ እርሳስም ሲበዛ ያከብዳታል። ምላሷንም አቃንቶ ወደ ቀድሞ ልኳ መለሳት። የቀድሞው ልክ ምንም እንከን አልነበረበትም።

ልጄ፣ ሕፃኗን ከቀበራችሁ ስምንት ወር ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ ሚስትህን ስታጎብጣት ኖረሃል። «በቃ፣ አታልቅሺ» አልካት፤ እሺ ብላ ሁለት ቀን ዋለች። «ጥቁሩን አውልቂ፣ ዘመድ ጠይቂ» አልካት፤ አወለቀች፣ ጠየቀችም። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሲሰበር ገንፍላ ትጮህብሃለች፤ አንተም «ምን ያላደረግሁላት አለ?» ትላለህ። ያላደረግህላት አንድ ነገር አለ። አላዳመጥካትም። ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችውን ይዛ ነው የምትሰጥመው። እኔ የለመንኩልህ ልጅ ያችው ናት፤ ከብዷት ነው እንጂ አልተበላሸችም።

ወደ ወላጆቿ አትመልሳት። ከጎኗ ተቀመጥና ስለ ልጇ ታውራልህ። ትናንት ያወራችውን ዛሬ ብትደግመው ከዚህ በፊት እንዳልሰማህ ሆነህ ስማ። ምክርህን ለጊዜው አርቀው፤ ሆዷ ሳይቀልላት ብታስጠጋባት እሳት ነው። ለተንሳፋፊዋ አምስት ቀን በቃት፤ ለሚስትህ ስንት እንደሚበቃት እኔ አላውቅም፤ አንተም አትቁጠር።

ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከመጣህ ጀምሮ ስለ ሚስትህ ብዙ ነገርከኝ፤ የልጅህን ስም ግን አንዴም አላነሣህም። አንተም እኮ አባቷ ነህ። በል፣ ወደ ቤትህ ከመሄድህ በፊት እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ። እኔ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ግን አንተ ንገረኝ።