የቀኛዝማች እሸቴ ስብከት

ቄሱን ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ቢዘጋ፣ ባላባቱ ቀኛዝማች እሸቴ «ወንጌል መስበክ ደግሞ ምን ይከብዳል!» ብለው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጡ። «ወንጌል ምን ይላል መሰላችሁ» አሉና፣ ምን እንደሚል ሳይናገሩ ወደ አያታቸው ጀግንነት ተሻገሩ። ከአያታቸው ወደ በቅሏቸው፣ ከበቅሏቸው ወደ ገደሉት ጎሽ ሄዱ። ጎሹን ሁለቴ ገድለው ሁለቴ አስነሡት። ሕዝቡ በቁሙ አንቀላፋ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊገድሉት የቄሱን መቋሚያ እንደ ጦር ሲሰብቁ፣ አንዲት ጥጥ ፈታይ ባልቴት ከኋላ ሆና «ቃለ ሕይወት ያሰማልን!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡም ስብከቱ ያለቀ መስሎት «አሜን!» ብሎ ወደየቤቱ መበተን ጀመረ።

ቀኛዝማች በገኑ። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ! አንቺ፣ ይህ የሚባለው ሰባኪው ሲጨርስ መሆኑን አታውቂም? ምክንያትሽን ካልተናገርሽ እስከ ፋሲካ በረቴን ትጠርጊያለሽ!»

ባልቴቲቱ እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ይማሩኝ ጌታዬ፤ ጨርሰዋል መች አልኩ? አሁን ያሰሙናል፣ አሁን ያሰሙናል እያልኩ ብጠብቅ ብጠብቅ የሰማሁት ጎሹን ብቻ ነው። ቢቸግረኝ ጊዜ እግዜርን ‹እባክህ አንተው ቃለ ሕይወት አሰማን› ብዬ መለመኔ ነው።»